የኩላሊት እጥበት ወጪና የቤተሰብ ኑሮ፦ ከአዳማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም የጤና ዓምዳችን ቦታውን ሙሉ በሙሉ ከአዳማና ከአካባቢዋ ለደረሱን ደብዳቤዎች ሰጥቷል። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ አንድ ነው፤ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በታማሚው አካልና በቤተሰቡ ኪስ ላይ የሚያሳርፈው ጫና። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ጸሐፊዎቹን ሊያስለይ የሚችል ዝርዝርም አውጥተናል። መልሱን የሰጡት የዓምዱ አማካሪ የሆኑት የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ግፊት እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል፤ መንገድ ላይ ሲሆን ግን መድኃኒቱን ይተወው ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባልንና እጥበት ጀመረ። በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲታጠብ ታዟል፤ እኛ ግን ሁለቱን እንኳ የምንከፍለው በወንድሞቹ ርዳታ ነው። ገንዘብ ባጠረን ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የታጠበበት አለ። ከእጥበት ሲመለስ ዝሎ ይተኛል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ያሳክከዋል፤ ትንሹ ነገር ሁሉ ያስቆጣዋል። ከሰው መሸሽ ጀምሯል፤ ለቅሶ እንኳ መድረስ ትቷል። ዘመዶቹ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ያለችንን ቤት ሸጠን ውጭ አገር ወስደን እናስተክልለት እያሉ ነው። ቤቱን ልሽጠው ወይ? በሁለት እጥበትስ መኖር ይችላል? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ ቤቱን አሁን አይሽጡት። ይህን የምለው ንቅለ ተከላን ስለምጠላ አይደለም፤ ለሚሆንለት ሰው ንቅለ ተከላ ከእጥበት የተሻለ ዕድሜና የተሻለ ኑሮ እንደሚሰጥ አያከራክርም። ነገር ግን የንቅለ ተከላ መነሻው ለጋሽ እንጂ ገንዘብ አይደለም። የደም ዓይነቱ የሚስማማ፣ ስኳርና ግፊት የሌለበት፣ ኩላሊቶቹ ጤናማ የሆኑና በራሱ ፈቃድ የሚሰጥ ዘመድ ተገኝቶ፣ የመስማማት ምርመራውም ተደርጎ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከቤቱ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በእጥበትና በቤት ኪራይ መካከል እየተሸራረፈ ያልቃል። ለጋሹ የተገኘ ዕለት ቤቱም ገንዘቡም የሌለበት ቤተሰብ ማየት ለሐኪምም ከባድ ነው።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ባለቤትዎ ከሚከታተሏቸው ሐኪም የሪፈር ወረቀት ተቀብለው በመጀመሪያ በአገር ውስጥ ያለውን ዕድል፣ የሚያስፈልጉትን ምርመራዎችና የሚጠበቅበትን ጊዜ ይጠይቁ። የውጭው ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው። ደግሞም ንቅለ ተከላ የወጪ መጨረሻ አይደለም። የተተከለው ኩላሊት በሚሠራበት ዘመን ሁሉ እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያረግቡ መድኃኒቶች በየዕለቱ ይወሰዳሉ፤ ገንዘብ ጠፍቶ መድኃኒቱ ቢቋረጥ ሰውነት ኩላሊቱን ሊያባርረው ይችላል። ለቀዶ ጥገናው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ይዞ መነሣት ግማሽ መንገድ ላይ የሚያልቅ ነዳጅ ይዞ ወደ ጅቡቲ እንደ መውጣት ነው፤ ይህን ባለቤትዎ ከማንም በላይ ይረዱታል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። የተለመደው መጠን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው። በአገራችን ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታጠቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ሁለት ጊዜ መታጠብ ለአንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይበቃዋል፤ ለአንዳንዱ አይበቃውም። ልዩነቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱና ዋነኛው የራሱ ኩላሊት አሁንም የሚያወጣው ሽንት ነው። ባለቤትዎ በቀን ደኅና መጠን ያለው ሽንት የሚሸኑ ከሆነ ያ የቀረው አቅም በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነውና ሊጠበቅ ይገባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ ይዘታቸው ያልታወቀ የተቀመሙ ሥራ ሥሮችም ያን አቅም በጥቂት ቀናት ሊያጠፉት ይችላሉ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንታቸውን በአንድ ዕቃ አጠራቅመው ለክተው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ይህ ምርመራ ዕቃና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለት ጊዜ ብቻ የሚቻል ከሆነ ቀኖቹ ይራራቁ፤ ሰኞና ሐሙስ ወይም ማክሰኞና ዓርብ ይሁኑ። እጅግ የምፈራው አንድ ጊዜ ብቻ የታጠቡባቸውን ሳምንታት ነው። በረጅሙ ክፍተት ውኃ በሳንባ ላይ ይጠራቀማል፤ ከምግብ የሚገኘው ፖታሺየም የተባለ ማዕድን በደም ውስጥ ከፍ ይልና ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ተኝተው ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ጡንቻቸው ከዛለ ወይም የልብ ምታቸው ከተዛባ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ቀኑ እሑድም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

እንግዲህ ገንዘቡን እንቁጠረው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ማለት በዓመት 104 እጥበት ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ 156 ይሆናል። በየከተማው የማያቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ እጥበቱን እንደ ድንገተኛ አደጋ ይይዙትና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ወርቁን፣ ከብቱን፣ ዕቁቡን፣ ከዘመድ የተለቀመውን ሁሉ አውጥተው በሳምንት ሦስት ጊዜ ያሳጥባሉ፤ ከዚያም ሲያልቅባቸው ወደ አንድ ይወርዳሉ። የሚጎዳውም ይህ መውረድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ሊከፈል የሚችለውን መጠን አስቀድሞ ማወቅና ምግቡን፣ ፈሳሹንና መድኃኒቱን በዚያ መጠን ማስተካከል ይሻላል። ይህን ደግሞ ብቻዎን ሊወስኑት አይገባም፤ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። ታማሚዎች የግፊታቸውን ቁጥር ይነግሩናል፤ የኪሳቸውን ግን ይደብቁናል፤ እኛም አንጠይቅም። ሐኪም የማያውቀው የገንዘብ እጥረት የተሳሳተ ትእዛዝ ያስጽፋል፤ ሦስት ጊዜ እየታጠቡ ነው ብሎ የሚያስብ ሐኪም ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው የሚሆን የአመጋገብ ምክርና የመድኃኒት መጠን ይሰጣልና። «በወር ይህን ያህል እንችላለን፤ ከዚህ በላይ አንችልም» ብለው በግልጽ ይንገሩት። የትኛው የደም ምርመራ በየወሩ መደረግ እንዳለበት፣ የትኛው በሦስት ወር ቢደረግ እንደሚበቃ ያን ጊዜ አብራችሁ ትወስናላችሁ።

የአንድ ቤተሰብ የሕክምና ወጪ ከመሠረታዊ ፍላጎቱ ከሚተርፈው አቅም 40 በመቶ ሲያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት ወጪውን ቤት አፍራሽ ከሚባሉት ይመድበዋል። የእጥበት ታማሚ ያለበት ቤት ይህን ልክ የሚያልፈው የእጥበቱ ዋጋ ገና ብቻውን ሲከፈል ነው፤ የባጃጁ፣ የምርመራው፣ የደም ማነስ መርፌው፣ ሥራውን ትቶ የሚያስታምመው ሰው የቀን ገቢና የሹፌሩ የቀረ ደመወዝ ገና አልተቆጠሩም። የጤና መድኅን መታወቂያ ካላችሁ የእጥበቱን ዋጋ ይሸፍናል ብላችሁ አስቀድማችሁ አትመኑበት፤ ሆኖም የግፊት መድኃኒትና የላቦራቶሪ ወጪን ሊያቃልል ስለሚችል መታወቂያውን በየዓመቱ አድሱት፤ ምን ምን እንደሚሸፍን በወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ወጪ ከሚያበዙት ነገሮች አንዱ በአንገት ላይ የሚገባው ቱቦ፣ ማለትም ካቴተር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግድ ይሆናል፤ ብዙዎች ግን ለወራት ይዘውት ይቆያሉ። ካቴተር በቀላሉ ይመረቅዛል፤ አንድ ጊዜ ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ የአልጋው፣ የመርፌውና የአዲሱ ቱቦ ዋጋ የብዙ እጥበት ዋጋ ይበላል። በክንድ ላይ የሚሠራው ፊስቱላ፣ የደም ቅዳና የደም መልስ ሥርን የሚያገናኘው ትንሽ ቀዶ ጥገና፣ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ለአገልግሎት እስኪደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ ቶሎ ማሠራት ያስፈልጋል። ከተሠራ በኋላ በየማለዳው ጣት አሳርፎ ንዝረቱን መዳሰስ ያሻል፤ ንዝረቱ ከጠፋ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይገባል። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም፣ ዕቃ አይሸከሙበትም፣ ተጭነውበትም አይተኙበትም።

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይግዙ። ከእጥበት በፊትና በኋላ ያለውን ክብደት፣ ግፊቱን፣ በዕለቱ የወጣውን ፈሳሽ፣ የሽንቱን መጠን፣ የተሰጠውን መርፌና የከፈሉትን ገንዘብ በአንድ መስመር ይጻፉበት። በሁለት እጥበት መካከል ክብደታቸው ከሁለት፣ ቢበዛ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ባይጨምር ጥሩ ነው። ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው ግፊቱ ወርዶ፣ ጡንቻው ተኮማትሮ፣ ሰውየው ዝሎ የሚመለሰው። የአዳማ ሙቀት ይህን ከባድ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ለመጠጥ በአጠቃላይ የሚፈቀደው በቀን ከሚወጣው ሽንት ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨምሮበት ነው፤ ሻዩም፣ ሾርባውም፣ መድኃኒት የሚዋጥበት ውኃም በዚሁ ይቆጠራል። ጥሙን የሚያመጣው በአብዛኛው ጨው ስለሆነ ትግሉ ከብርጭቆው በፊት ከድስቱ ይጀምራል። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ስለሚፈጭ ወጥ ውስጥ ባይጨምሩም ጨው አለ፤ ለእርሳቸው የሚሆነውን ያለ ጨው ለብቻው ያስፈጩላቸው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ፖታሺየም ይበዛባቸዋል። ድንች ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ፖታሺየሙ ይቀንሳል። ሥጋና ዕንቁላል ግን ፈጽሞ አይከልክሏቸው፤ እጥበት ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ የታመመ ሰው ጉዳይ ለእነርሱ አዲስ አይደለም።

ማሳከኩ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ድካሙ «የሕመሙ ጠባይ ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። ማሳከኩ ከፎስፈረስ መብዛትና እጥበቱ ካለመብቃቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ድካሙ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ነው፤ በኤሪትሮፖይቲን መርፌና በአይረን ይታከማል። መርፌው ስለሚወደድ አንዳንዶች ደም መውሰድን እንደ አማራጭ ያዩታል፤ ነገር ግን ለንቅለ ተከላ የሚታሰብ ሰው ደም በወሰደ ቁጥር የሚስማማው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ ሊጠብ ስለሚችል፣ ሐኪም ግድ ነው ካላለ በቀር ቢቀር ይሻላል።

ቁጣቸውንና ከሰው መሸሻቸውን በተመለከተ፣ የኩላሊት ታማሚዎችን የኑሮ ጥራት ለመለካት በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሠላሳ ስድስት ጥያቄዎች ያሉት አንድ መጠይቅ አለ፤ ከሚጠይቃቸውም አንዱ ታማሚው ለቤተሰቡ ሸክም የሆነ መስሎ ይሰማው እንደ ሆነ ነው። ቤቱን ይመራ የነበረ ሹፌር አሁን የባጃጅ ሒሳብ ከሚስቱ ሲጠይቅ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ድብርት በእጥበት ታማሚዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሕክምናም አለው። የወንድነት አቅም መዳከምም አብሮ ይመጣል፤ ብዙ ባልና ሚስት ይህን ሳይነጋገሩ ይራራቃሉና ለሐኪሙ መንገር አሳፋሪ አይደለም። በተረፈ የሚችሉትን ሥራ ይስጧቸው። ከላይ ያልኩትን ደብተር እርሳቸው ይያዙት፤ የልጆቹን ጥናት እርሳቸው ይቆጣጠሩ። በእጥበት ማግስት ጉልበት የሚያገኙበትን ሰዓት አይተው ለቅሶም ሆነ ክርስትና በዚያ ሰዓት አብራችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ባለቤትዎ በቅጥር ይነዱ ከነበረ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የጡረታ መዋጮ ይቆረጥላቸው ከነበረና ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገሉ ከሆነ፣ ለሥራ ብቁ አለመሆናቸው በሕክምና ቦርድ ሲረጋገጥ የጤና ጉድለት አበል የማግኘት መብት አላቸው። ብዙ የጭነት መኪና ሹፌሮች ይህን ሳያውቁ በቃል ተሰናብተው ይቀራሉ። የሥራ መልቀቂያ እንዲፈርሙ ከመጠየቃቸው በፊት ጉዳዩን ያጣሩ።

ጥያቄ፦ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነኝ። ታላቅ እኅቴ እጥበት ላይ ናት፤ የደም ዓይነታችን አንድ ነው። ኩላሊቴን ልሰጣት ወስኛለሁ። እናቴ ግን «አንዷን ሳላድን ሌላዋን አላጣም፤ ነገ ማን ያገባሻል? እንዴትስ ትወልጃለሽ?» እያለች ታለቅሳለች። እውነት አለው? (ታናሽ እኅት)

መልስ፦ እናትሽ የምትፈራው ነገር መሠረት የለውም ብዬ አላቃልለውም፤ ቢሆንም ከእውነቱ ይልቅ በጣም ገዝፎባታል። ጤናማ ሰው በአንድ ኩላሊት ሙሉ ሕይወት ይኖራል፤ የቀረው ኩላሊት የሌላኛውን ሥራ በከፊል ይተካል። የቀዶ ጥገናው ለሞት የማድረስ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። የሰጡ ሴቶች ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፤ በእርግዝና ወቅት ግፊት የመጨመር ዕድላቸው ካልሰጡት ከፍ ስለሚል ክትትላቸው ጠበቅ ይላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሳያረግዙ መቆየትም ይመከራል። ከብዙ ዓመት በኋላ በራስሽ ላይ የኩላሊት መድከም የመምጣት ዕድል በትንሹ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ለጋሽ ተብሎ የሚመረጠው ከማንም ይልቅ ጤናማው ሰው ነው፤ አንዲት ፓራሲታሞል እንኳ ሳያስፈልግሽ የኖርሽ ብትሆኚም ግፊትሽ፣ ስኳርሽ፣ ሽንትሽና የኩላሊቶችሽ ቅርጽ ሁሉ ይመረመራል።

የደም ዓይነት መመሳሰሉ የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። በተለይ ልትጠይቂ የሚገባሽ እኅትሽ ለምን እንደታመመች ነው። ሕመሟ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኩላሊት ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚበዙበት ዓይነት ከሆነ፣ አንቺም ልትመረመሪ ይገባል። ሕመሙ በአንቺም ላይ ተገኝቶ ሳለ መስጠት ለሁለታችሁም ጉዳት ነው።

ስለ ገንዘቡ ሰው የማያነሣውን ላንሣ። ለጋሽም ከሥራ ለሳምንታት ትቀራለች፤ ከባድ ዕቃ ለማንሣት አንድ ወር ተኩል ያህል መጠበቅ አለባት፤ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ትመላለሳለች። የቀን ሠራተኛ ከሆንሽ ወይም በደመወዝሽ የሚተዳደር ሰው ካለ ይህ በቤተሰቡ የወጪ ስሌት ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። ለእኅትሽ በሚሰበሰበው ገንዘብ የአንቺ የቀረ ገቢም ይቆጠር። ይህ ኩላሊት መሸጥ አይደለም፤ ኩላሊት መሸጥ ወንጀል ነው፤ የቀረ ገቢን ማካካስ ግን የወግ ነው። እናትሽንም ለምርመራው ቀን ይዘሻት ሂጂ፤ ከልጇ አፍ ከምትሰማው ይልቅ ከሐኪሙ ብትሰማው ይቀላታል። ሐኪሙ ብቻሽን ሲያነጋግርሽም ጥርጣሬ ካለብሽ ተናገሪ፤ በማንኛውም ሰዓት ሐሳብሽን መለወጥ ትችያለሽ፤ ምክንያቱንም ለቤተሰቡ የመንገር ግዴታ የለብሽም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ልወጣ የተቃረብኩ መምህር ነኝ። ያደግሁት ወንጂ ነው፤ ጥርሴ በልጅነቴ በጠጣሁት ውኃ ቀለሙን ለውጧል። ስኳር ከያዘኝ አሥር ዓመት አልፏል። ሰሞኑን በምርመራ ኩላሊትህ በ48 ላይ ነው ተባልኩ። ሆኖም ምንም አያመኝም፤ ሽንቴም ደኅና ነው። ምርመራውን በየጊዜው መክፈል ለእኔ ከባድ ነው። ያገኘኝ ያ ውኃ ነው? ሳያመኝ ለምን ልመላለስ? (መምህሩ)

መልስ፦ 48 የተባለው የኩላሊትዎ የማጣራት አቅም ግምት ነው፤ ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። እርስዎ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነዎት፤ እጥበት የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ከ15 በታች ሲወርድ ነው። አለማመምዎ አያጽናናዎ። ወገቡን የሚያመው ሰው ኩላሊቱን ይጠረጥራል፤ የሚደክም ኩላሊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚያልቀው፤ ሽንቱም እስከ መጨረሻው ሊበዛ ይችላል።

ከስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚገኘው ፍሎራይድ ጥርስንና አጥንትን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ በወንጂ አካባቢም ለረጅም ዘመን የተጠና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለኩላሊትዎ መድከም ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው ስኳሩን ነው፤ ግፊት ካለም አብሮ ይቆጠራል። ይሁንና ኩላሊት ሲደክም ፍሎራይድን የማስወጣት አቅሙ ስለሚቀንስ ፍሎራይዱ ከፍ ካለ ጉድጓድ ዛሬም የሚጠጡ ከሆነ ምንጩን ይለውጡ። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። ኩላሊት ይታጠብልኛል ብሎ ከጥም በላይ ውኃ መጠጣትም ፋይዳ የለውም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በዚህ ሕመም ላይ የሚወጣ ገንዘብ የሚያዋጣው አሁን እርስዎ ባሉበት ደረጃ ነው። የሚያስፈልግዎ በየጥቂት ወሩ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እና ፖታሺየም፣ በሽንት ውስጥ የሚወጣው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ የስኳርና የግፊት ክትትል ነው። የአንድ ዓመቱ ወጪ ተደምሮ ከጥቂት እጥበቶች ዋጋ የሚያልፍ አይመስለኝም። ሽንትዎ አልቡሚን ካለበት እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያሉ ርካሽ መድኃኒቶች የኩላሊቱን መድከም ያዘገያሉ፤ በተጀመሩ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ደም መመርመር ግን ያስፈልጋል፤ ክሪያቲኒኑ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢጨምር ራስዎ መድኃኒቱን አያቁሙ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣብዎ ይቀየርልዎታል። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶችም ኩላሊትን ይጠብቃሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነ አቅምዎን ለሐኪሙ ነግረው ይወስኑ። ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ቁጥሩ ከ45 በታች ሲወርድ መጠኑ ይቀንሳል፣ ከ30 በታች ይቆማል። ጉልበትዎን ባመመዎ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት የሚወጉትን ዳይክሎፌናክ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ በልኩ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይሻላል። ደብዳቤዎ ላይ ይህን ባይጽፉም መምህር ሆኖ ሠላሳ ዓመት ቆሞ ያስተማረ ሰው ጉልበቱን ሳያመው አይቀርም ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። አንድ አባላችን እጥበት ላይ ናቸው። አንዳንድ አባላት ዕድር ለሞተ እንጂ ለታመመ አይደለም ይላሉ፤ ሌሎች አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ አዋጥተን እንስጥ ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ? (ሰብሳቢው)

መልስ፦ የመተዳደሪያ ደንባችሁ የሚከለክል ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ማሻሻል የእናንተ ፈንታ ነው፤ ለድንኳንና ለንፍሮ የሚወጣውን ገንዘብ ሰውየው በሕይወት ሳሉ ማካፈል ግን ነውር ሆኖ አይታየኝም። የማልስማማው በአንድ ጊዜው ስጦታ ነው። በሰው ፊት ፎቶ ተነሥቶ የተበረከተ ትልቅ ገንዘብ ቤተሰቡን ለጥቂት ወራት በሳምንት ሦስት ጊዜ ያሳጥብና ያልቃል፤ ሰውም «ረድተናል» ብሎ ይበተናል። ከዚያ ይልቅ በወር የተወሰነ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ቃል ግቡ፤ መጠኑን ለቤተሰቡ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ከተቻለም ክፍያውን በቀጥታ ለእጥበት ማዕከሉ ፈጽሙ። ስማቸው በየመድረኩ እንዳይጠራ ተጠንቀቁ።

ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም ልትሠሩ ትችላላችሁ። ባጃጅ ያለው አባል ካለ በእጥበት ቀን ያድርሳቸው፤ ከአባላቱ በተራ አንድ ሰው በአራቱ ሰዓት አብሯቸው ይቀመጥ፤ ባለቤታቸው ያን ዕለት ሥራ ላይ መዋል ከቻሉ ያ ራሱ ገቢ ነው። ከመካከላችሁ ደፈር ያለ ሰው ደግሞ ማዕከሉን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንድ ሰው በአንድ እጥበት ወደ 120 ሊትር የሚደርስ የተጣራ ውኃ ስለሚያስፈልገው የማጣሪያው ምርመራ በየስንት ጊዜው ይደረጋል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? የጉበት ቫይረስ ያለባቸው ታማሚዎች የሚታጠቡበት ማሽን ለብቻ ነው? አባላችሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ እርሱን አስከትቡላቸው፤ የዕድሩ የመጀመሪያ ወጪ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል።